የተሳሳተው ማውጫ

ይገዙ ታይፕ ክፍል መጀመሪያ የመጣ ዕለት የሪፖርቱ ማውጫ ቶሎ ይተየብልኝ አለ። ብርቅነሽ ከታይፕ ማሽኗ ቀና እንኳን ሳትል፣ ማውጫ የሚሠራው ገጹ ሁሉ ካለቀ በኋላ መሆኑን ነገረችው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ግን አስቀድሞ ማየት ፈልጓል።

«እኔም ታዝዤ ነው...» አለ አፍሮ። ተየበችለት።

ከዚያ ወዲያ መከራዋን አየች። ሪፖርቱ ሁለት መቶ ገጽ ነው። አንድ ገጽ በተጨመረ ቁጥር ከሱ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ይገፋል፤ ማውጫው እንደ አዲስ ይተየባል። ይገዙ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በእርሳስ ያረመውን ወረቀት ያስቀምጥና አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ሰው ቆም ብሎ ይሄዳል። የብርቅነሽ እናት ወይዘሮ አፀደ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተኙ ወር አልፏቸዋል። ልጅቱ ጠዋት ከሆስፒታል ወደ ሥራ፣ ማታ ከሥራ ወደ ሆስፒታል ነው ኑሮዋ። ሰውዬው ሆን ብሎ የሚያደክማት መሰላትና ጠመደችው። ድካም ክፉ ነው፤ ደጉንም ሰው ጠላት ያስመስላል።

በመጨረሻ ሪፖርቱ ተባዝቶ ለስብሰባ ቀረበ። በማግስቱ ይገዙ ታይፕ ክፍል ብቅ ሲል ብርቅነሽ አላስናገረችውም።

«ሌላ እርማት ከሆነ ለሌላ ሰው ስጥ። እኔን ተወኝ፣ በቃ።»

«እርማት አይደለም... ልሰናበትሽ ነበር» አለና ወጣ።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስቻለች በሩን ዘግታ ነገሩን አወጣችላት። አለቃው ስብሰባው ላይ በማውጫው መሠረት ገጽ ቢገልጥ የፈለገውን አላገኘም። ይሄ አሻጥር ነው፣ የተየበችው ማን ናት ብሎ ሲቆጣ ይገዙ ተነሥቶ፣ ቁጥሩን አሳስቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ አለ። በቅጣት መተከል ሰፈራ ጣቢያ ተመድቧል። ሰኞ ይሄዳል።

ብርቅነሽ ወረቀቶቿን አገላበጠች። የይገዙ የመጨረሻ እርማት እዚያው አለ፤ ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። እሷ ደክሟት የተየበችው የቀድሞውን ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ ይገዙን ፍለጋ ወጣች።

አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ሲጠብቅ ደረሰችበት።

«ለአለቃው እውነቱን ልናገር ነው» አለችው።

«አትናገሪም። አንቺ ብትላኪ እናትሽን ማን ያስታምማቸዋል? እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«ምን አድርጌልህ ነው ይሄን ሁሉ?»

«ምንም። ስለምወድሽ ነው... በመጣሁ ቁጥር ልነግርሽ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ።»

አልቅሳ አልወጣላትም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ይገዙ አልተሳፈረም።

«እሁድ ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«ሰኞ እኮ ሂያጅ ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው እሁድ ያልኩህ።»

እሁድ ሁለት ሽማግሌዎች ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ወይዘሮ አፀደ አልጋ አጠገብ ቆሙ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እዚያ ደግሞ መቀመጥ ቢፈልጉም ወንበር አልነበረም። በሽተኛዋ የልጃቸውን ፊት አዩና ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ማንገራገር ፈቀዱ።

ሰኞ ይገዙ ሄደ። ወይዘሮ አፀደ ስድስት ወር ቆይተው አረፉ። ብርቅነሽ የእናቷን አርባ አውጥታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠችና ማመልከቻ ጻፈች። ሰው እያለቀሰ የሚመደብበትን መተከል፣ እሷ መድቡኝ ብላ ለምና እጮኛዋ ዘንድ ሄደች።