መዳፉ ቀድሞ ይሰማል

መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን መዳፉን ነው።

በከተማው ፕላን ቢሮ የድምፅ መጠን እለካለሁ። ነገር መጠየቅ ስለማበዛ ባልደረቦቼ «ወይዘሪት ለምን» ይሉኛል። የዚያን ቀን የተላክሁት አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ወዳለው ባዶ ሜዳ ነበር። አንድ ኩባንያ እዚያ ላይ አራት መቶ መኖሪያ ቤቶች ልሥራ ብሎ ዕቅድ አስገብቷል። እዚህ ቦታ ሰው ሊተኛበት ይችላል ወይስ አይችልም? መልሱ የሚጠበቀው ከእኔ መለኪያ ነው።

ሜዳው ዳር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። አናጢው ጎንበስ ብሎ ሳንቃ እየላገ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከፕላን ቢሮ ነው የመጣሁት፣ ጣሪያዎ ላይ...»

ቀና እንኳ ሳይል መዳፉን ፊቴ ላይ ዘረጋ። ደሜ ፈላ። ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው ብዬ ዞሬ ወጣሁ። ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ አውሮፕላኑ በአናቴ ላይ አለፈ፤ መሬቱ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ጸጥ ሲል የአናጢውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«እሺ እህቴ፣ ጣሪያዬ ላይ ምን?»

ደጃፉ ላይ የተቀመጡት እናቱ ከልባቸው ሳቁ። የሰፈሩ ልማድ መሆኑን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። አውሮፕላን ሲመጣ ቀድሞ የሰማው መዳፉን ያነሳል፣ ሁሉም ወሬውን ያቆማል፣ ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የእሳቸው ጆሮ ግን በዚሁ ድምፅ ከደከመ ቆይቷል፤ የልጃቸውን እጅ እያዩ ነው ዝም የሚሉት።

መለኪያዬን ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። አሥሩ ቀን ለሥራ ነው፤ የቀሩት አራቱ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለእሱ ነበሩ። ጥያቄ አዘነብኩበት። መስኮቱን ለምን በድርብ መስታወት እንደሠራው፣ በሩ ጠርዝ ላይ ለምን ጨርቅ እንደለጠፈ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው አዲስ አልጋ የማን እንደሆነ። አልጋው የእናቱ ነው። ሜዳው ላይ ሊሠሩ ከታቀዱት ቤቶች አንዱ ለእሱ ወጥቶለታል፤ ሰባት ዓመት ወረፋ ጠብቋል። እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም። ለምን?»

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትጠይቂው?»

ሳቅኩ፤ ልቤ ግን አልሳቀችም፣ ደነገጠች። ወድጄዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን መለኪያውን ሳወርድ ቁጥሩ ስንት እንደመጣ ጠየቀኝ።

«ከተፈቀደው በላይ ነው። ለመኝታ አይሆንም።»

ዘወር ብሎ አልጋውን አየው።

«ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ብትጽፊውስ?»

«የእማማን ጆሮ እያየሁ?» አልኩት።

መላጊያውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ዕቃዬን ሸክፌ፣ እንባዬን እየዋጥኩ ሄድኩ።

የሕዝብ ውይይቱ የተደረገው እዚያው ሰፈር፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የኩባንያው ሰው ድምፁ በጥቂት ወር ይለመዳል አለ። እኔ ሪፖርቴን ሳነብ ከከተማው ሁሉ የመጡት ወረፋ ጠባቂዎች አጉረመረሙ። ከመካከላቸው አናጢው ተነሳ። ሊያዋርደኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ድምፁ ይለመዳል ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ለምጄዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ነው...»

መዳፉ ተነሳ። እሱም ቀጥ ብሎ ቀረ። አዳራሹ ግራ ተጋባ፣ አንዳንዱም ሳቀ። የገባው ለእኔና ለጥቂት ጎረቤቶቹ ብቻ ነበር። ወዲያው መስኮቶቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ሳቁም ቆመ።

አውሮፕላኑ ሲያልፍ «...ያደግኩት» ብሎ ቀጠለ። «ይህን እጅ እኔ አላነሳሁትም፤ ራሱ ነው የሚነሳው። ቤቱን እፈልገዋለሁ። ግን እዚያ የሚወለድ ልጅ ይህን እጅ ይዞ እንዲያድግ አልፈልግም።»

ተቀምጦ ወደ እኔ አየ። ያን ጊዜ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ከወር በኋላ ውሳኔው ወጣ። ሜዳው ለመጋዘንና ለወርክሾፕ ብቻ እንዲሆን፣ ቤቶቹም ከኮረብታው ጀርባ እንዲሠሩ ተባለ። ወረፋው ደግሞ በሁለት ዓመት ተራዘመ። በማግስቱ አናጢው ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ሁለቱን ዓመት ብቻዬን ልጠብቅ ወይስ ከአንቺ ጋር?»

«ለምን ከእኔ ጋር?» አልኩት፣ ልማዴ ነውና።

«ጥያቄሽ ናፈቀኝ።»

ተጋባን። ዛሬ ከኮረብታው ጀርባ እንኖራለን፤ አልጋውም ከነእማማ ቦታውን አግኝቷል። ባለፈው እሑድ ቁርስ ላይ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው...» ስል መዳፉ በድንገት ተነሳ። እማማም እጁን አይተው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሦስታችንም ጠበቅን። ምንም አልመጣም፤ ከሩቅ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ አለፈ። አፍሮ ሊያወርደው ሲል እጁን ያዝኩና ሆዴ ላይ አሳረፍኩት።

ያን ጠዋት ባሌ አውሮፕላን ሳይመጣ ዝም አለ።