ጠበል የጠጣው ፒክአፕ

አባ ገብረጻድቅ ፒክአፑን ዙሪያውን ጠበል ረጭተው፣ ኮፈኑን በመስቀል ባርከው ሄዱ። የእማማ አሰጋሽ ልብ ግን አላረፈም። ቄሱ የረጩት ቆርቆሮውን ነው። የዚህ መኪና በሽታ ደግሞ ከቆርቆሮው አይደለም፤ ከውስጡ ነው። ሌሊቱን ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ሲያስል ሰፈሩን ሁሉ በጥቁር ጭስ የሚቀሰቅስ መኪና በላዩ ላይ ጠብ ጠብ ቢያደርጉለት ምን ይጠቅመዋል?

የልጅ ልጃቸው ወንድዬ ጎማ ማጥበቂያውን ሊያመጣ ወደ ጓሮ ዞር ሲል እማማ ግራ ቀኛቸውን አዩ። የናፍጣውን ክዳን ፈቱ። ለልጅ ልጃቸው ለሶሊያና ይዘውላት ከሚሄዱት፣ ከመጠባበቂያው የናፍጣ ጀሪካን እንዲለይ አንገቱ ላይ ነጭ ክር ካሰሩበት ቢጫ ጀሪካን አንድ ጣሳ ጠበል ቀድተው ወደ ታንከሩ አንቆረቆሩበት።

«ከውስጥ ይማርህ» አሉት። ክዳኑን አጥብቀው እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ፒክአፑ ወንድዬን በዕድሜ ይበልጠዋል። ከዱባይ በመርከብ ሲመጣ በሩ ላይ የነበረው የዐረብ ጽሕፈት፣ ስንት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ዛሬም ፀሐይ ሲያርፍበት ብቅ ይላል። ወንድዬ ጠዋት ከአቃቂ በሰቃ ብየዳ ቤቶች የብረት በር ይጭንበታል፤ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰው አልጋና ቁም ሳጥን ያመላልስበታል፤ እሑድ ከሥሩ ተጋድሞ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። እማማም ገበያ የሚወጡት፣ ደጀ ሰላም የሚስሙት በእሱ ስለሆነ አመሉን እንደ ባል አመል ያውቁታል። በእሳቸው በኩል ያለው በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ክላክሱ የሚጮኸው ከመሪው ሥር የተንጠለጠሉት ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ ነው። የናፍጣ መለኪያው መርፌ ሞልቶም ጎድሎም ዜሮ ላይ ተኝቷል። ሽታውስ ቢሆን! ዳቦው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ነጠላው ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ሽጠው» ይሉታል በየቀኑ።

«እሺ እማማ» ይላል በየቀኑ።

ትናንት ግን የወንድዬ እህት ሶሊያና ደወለች። ከአዋሽ ማዶ፣ በረሃ ውስጥ ባለ የጥጥ እርሻ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። የበኩሯን አርግዛለች፤ የበኩር ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናቷ በሕይወት ስለሌለች እናት ቤት ማለት አቃቂ፣ የእማማ አሰጋሽ ቤት ነው። ቀኑ ገና ነው ሲሉ ነርሷ ሆዷን ዳሰሰችና ደነገጠች። ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ካልደረሰች እናትም ልጅም አይተርፉም። ባሏ ጂቡቲ መስመር ላይ ነው። የእርሻው አምቡላንስ ተበላሽቶ ቆሟል። የደጋው ዝናብ በደረቆቹ ወንዞች ድንገት ውሃ ስለሚያወርድ ወደዚያ ቆላ የሚገባ ሌላ ሾፌር ጠፋ። ምጥ ሳይቀድማቸው መድረስ አለባቸው።

ቱሉ ዲምቱን አልፈው ፈጣን መንገዱ ላይ ሲወጡ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የከባድ መኪና ሰልፍ በጎናቸው እያጓራ ይሸመጥጣል። አዳማን ሲያልፉ ሙቀቱ መጣ፤ መተሐራ ላይ የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ እንደ ከሰል ተከምሮ አገሩን ሞላው። አዋሽን በድልድዩ ተሻግረው አስፋልቱን ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ግራር፣ አሸዋና ነፋስ ብቻ ነው።

ሞተሩ ማሳል የጀመረው ደረቅ ወንዝ መሐል፣ አሸዋው ጎማውን በግማሽ በዋጠበት ቦታ ነበር። አንዴ ተንዘፈዘፈ፣ ደገመ፣ ዝም አለ።

ወንድዬ ዘሎ ወረደና ኮፈኑን አነሣ። የናፍጣ ማጣሪያውን ከታች ፈትቶ ወደ ባዶ ጠርሙስ አንጠባጠበው። ከሥር ጥርት ያለ፣ ከላይ ቢጫ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ።

«ውሃ!» ብሎ ጮኸ። «ማደያው ነው! ውሃ ቀላቅሎ የሸጠልኝ! አንተ ሌባ...»

እማማ ክው አሉ።

«ማደያውን አትርገመው» አሉ በመስኮቱ። «እኔ ነኝ።»

«አንቱ ምን?»

«ጠበል ነው። አንድ ጣሳ ብቻ። ከውስጥ ይማረው ብዬ...»

መፍቻው ከወንድዬ እጅ አሸዋው ላይ ወደቀ። ጠርሙሱን አየ። እሳቸውን አየ።

«እማማ! ናፍጣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እኮ! ውሃው ሥር ይዘቅጣል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከሥር ነው! እስካሁን ማጣሪያው ይዞልን ነው እንጂ አንድ ጣሳ አይደለም፣ አንድ ሲኒ ይበቃዋል!»

«ጠበሉ ይገድላል እያልክ ነው?»

«ጠበሉ ሰው ያድናል፤ ለሞተር ግን ውሃ ውሃ ነው!»

ሰማዩ እንደ ሳሕን ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። ሆኖም ከወንዙ ላይኛ በኩል እንደ ባቡር ድምፅ ያለ ጉርምርምታ ተሰማ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደጉት እማማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን ድምፅ ያውቁታል፤ እዚህ ግን ሐዲድ የለም።

«ወንድዬ! ደራሽ ነው! ደራሽ ውሃ ነው!»

ወንድዬ ከታንከሩ ሥር ቡሎኑን ፈትቶ ጠበሉን ወደ አሸዋው ለቀቀው። ናፍጣ መውጣት ሲጀምር ጠረቀመው። ማጣሪያውን አጥብቆ የእጅ ፖምፓውን ይጫን ጀመር፤ ይጫናል፣ ይጫናል፣ ላቡ ኮፈኑ ላይ ይንጠባጠባል። ጉርምርምታው ቀረበ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዘሎ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ! ጎማው አሸዋ እየረጨ፣ ፒክአፑ እንደ አህያ እየተራገጠ ዳገቱን በአፍንጫው ቧጥጦ ወጣ። ዞር ሲሉ ቡናማ ውሃ ሙሉ የግራር ግንድ ተሸክሞ፣ አሁን በቆሙበት ቦታ ላይ እየተገለባበጠ አለፈ።

እማማ ማማተቡም ጠፋባቸው። እጃቸው ግንባራቸው ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ።

ዳገቱ ግን የኋላውን የባሌስትራ ብረት ሰብሮታል። ወንድዬ ከመኪናው ሥር ገብቶ ብረቱን በጎማ ላስቲክ ሲጠቀልል እማማ ውስጥ ተቀምጠው ይጸልያሉ። ድንገት ከግራሩ ጥላ ሥር ድንጋይ የመሰላቸው ነገር ራሱን አነሣ። ጎፈር አለው። ተነሣና ዝቅ ብሎ፣ ከመኪናው ሥር ወደ ወጡት የወንድዬ እግሮች ይራመድ ጀመር።

ድምፅ አልወጣቸው አለ። በሩን ገፉት፤ ከውጭ ነው የሚከፈተው። በሾፌሩ ወንበር ላይ በሆዳቸው ተደፍተው እጃቸውን ከመሪው ሥር ሰደዱ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ያዙና አነካኩ። ክላክሱ ጮኸ። እሳት ጣታቸውን ለበለባቸው፤ አልለቀቁም። አንበሳው ባለበት ደርቆ ቆመ፣ ጆሮውን ጣለ፣ ዞሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ምን ሆኑ እማማ? ጆሮዬን አደነቆሩኝ!» አለ ወንድዬ ብቅ ብሎ።

«አንበሳ...»

«የቱ አንበሳ?»

ዱካውን አሳዩት። ወንድዬ መኪናው ላይ ተደግፎ ቁጭ አለ።

እርሻው የደረሱት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሶሊያና ፊቷ አመድ መስሎ፣ ሆዷን ደግፋ በር ላይ ቆማለች። «መጣችሁ!» ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ማለዳ መሐል ወንበር ላይ አስቀምጠዋት፣ ወንዙ ስለሞላ በላይኛው የጥጥ መንገድ ተመለሱ። እማማ መንገዱን ሁሉ ይጨቀጭቃሉ። «ቀስ በል። ጉድጓዱን ሽሸው። አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ እቤታችን ነው የምትወልጂው፤ አልጋሽን አንጥፌ ነው የመጣሁት።»

ከእርሻው ብዙ ሳይርቁ ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ታዩ። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«አትቁም!» አሉ እማማ።

«የቆሰለ ሰው ጥዬ ልለፍ? ያሳደጉኝ አንቱ አይደሉም እንዴ?»

ቆመ። የቆሰለው ሰው ግን በሁለት እግሩ ዘለለ። የጓደኛው ሽጉጥ በመስኮቱ ገብቶ የወንድዬ አንገት ላይ አረፈ።

«ውረዱ! ሁላችሁም!»

«እርጉዝ ናት!» ጮኹ እማማ። «ዓይን የላችሁም? እናንተን የወለደ ሆድ የለም?»

«ውረጂ አሮጊት!»

ወረዱ። ሶሊያና መቆም አቃታት። እማማ ወደ ኋላ ሄደው እጃቸው የደረሰበትን አንዱን ቢጫ ጀሪካን ጎትተው አወረዱ። «መቀመጫ እንኳን ልስጣት፣ መሬቱ እሳት ነው!» ብለው አስቀመጧት፤ በጋቢያቸውም እስከ እግሯ ሸፈኗት። ዘወር ሲሉ ጭነቱ ላይ የቀረውን ጀሪካን አዩ። አንገቱ ላይ ራሳቸው ያሰሩት ነጭ ክር አለ። ጠበሉ ነው። ሶሊያና የተቀመጠችበት ናፍጣው ነው።

ባለ ሽጉጡ ሌባ መሪው ጋ ገብቶ ጮኸ። «መርፌው ዜሮ ነው! ናፍጣ የታለ?»

ወንድዬ «መለኪያው እኮ...» ሊል አፉን ከፈተ።

«ያውልህ!» ብለው ቀደሙት እማማ። «ባለ ክሩ ጀሪካን! ለመንገዳችን የያዝነው ነው፤ እሱንም ውሰዱት፤ ምን ቀረን!»

ወንድዬ በድንጋጤ አያቱን አፍጥጦ አየ። በዕድሜያቸው ሙሉ ለቆሎ ነጋዴ እንኳን ዋሽተው አያውቁም። ሌባው ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ታንከሩ ደፋው፤ ነፋሱ ፊቱን አሸዋ ያለብሰዋል፣ ቸኩሏል፣ ደግሞስ በዚያ መኪና ላይ ናፍጣ የማይሸት ምን አለ? ጠበሉ ጉል ጉል እያለ ወረደ። እማማ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ «ጌታዬ፣ በስምህ የተባረከውን ነው፤ ይቅር በለኝ።»

ፒክአፑ አቧራ እያስነሣ ሄደ። ወንድዬ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። አቧራው ራቀ፣ ራቀ... ከዚያ ያ የታወቀ ሳል ተሰማ። አንዴ። ሁለቴ። ዝም።

ሞተሪኖው ከሩቅ ያቃስታል፤ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ። ከእነ እማማ በስተጀርባ ደግሞ የጥጥ ለቃሚዎቹን የጫነው የእርሻው ትራክተር ብቅ አለ። ሌባው እሱን ሲያይ ሽጉጡን ታጥቆ ወደ ጫካው ሮጠ። ጓደኛው ግን በእማማ በኩል ነው የተቀመጠው። በሩን ይገፋል፣ ይደበድባል፤ አይከፈትም! በመጨረሻ በመስኮቱ በጭንቅላቱ ወደቀና አንድ ጫማውን ትቶ ተፈተለከ።

«ከውጭ ነው የሚከፈተው አንተ ደንቆሮ!» ጮኹበት እማማ።

ሶሊያና ሳቀች። ሳቋ መሐል ተቆረጠ፤ ጋቢውን ጨመደደች።

«እማማ... ውሃዬ ፈሰሰ።»

የሦስቱም ፊት ከሰል ሆነ። ወንድዬ ሮጠ፤ ታንከሩን እስከ መጨረሻው አፈሰሰው፣ ማጣሪያውን አጠበው። ጀሪካኑን እማማ ራሳቸው ተሸክመው አደረሱለት። «ናፍጣ ነው፤ አሽትቼዋለሁ!» አሉ። ባትሪው ሞቷል። ለቃሚዎቹ ከትራክተሩ ዘለው ኋላውን ያዙ። «ሆ! በል!» ገፉት፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ፣ ጥቁሩ ጭስ ቦግ ብሎ ወጣ። በዚያች ቀን ለእማማ ከዚያ ጭስ የሚበልጥ መልካም መዓዛ አልነበረም።

አስፋልቱን ያዙ። ሶሊያና የእማማን እጅ እየነከሰች ታቃስታለች። አዳማ ሲደርሱ ወንድዬ ፍጥነቱን ቀነሰና ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ።

«ወደ ቤት ልንዳ? የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው ብለው ነበር...»

«ምን ትቀባጥራለህ!» ጮኹበት። «ታጠፍ! ቢላ የያዘ ሐኪም ያለበት ቤት ነው ዛሬ እናት ቤቷ!»

የአዳማ ሆስፒታል ነርሶች ሶሊያናን በአልጋ እየገፉ አስገቧት። እማማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡ መስሏቸው ነበር። ዶክተሯ ወጥታ ማስኳን ዝቅ አደረገች።

«ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...»

«አትጨርሺው ልጄ» አሏት። «አትጨርሺው።»

የክርስትናው ዕለት ፒክአፑ በአቃቂው ደጅ፣ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት፣ ጭነቱ ላይ ወንበርና የድግስ ድስት ተከምሮበት ቆሟል። ወንድዬ በፈገግታ ወደ አያቱ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ገዢ ተገኝቷል። ልሽጠው?»

«ማንን?» ደነገጡ። «ልጄን ያደረሰልኝን መኪና? አብደሃል?»

አባ ገብረጻድቅ ሕፃኗን አጥምቀው ሲመለሱ፣ የተረፈውን ጠበል ይዘው ወደ ፒክአፑ ዞሩ። እማማ አሰጋሽ ቀደሟቸውና የናፍጣውን ክዳን በሁለት መዳፋቸው ሸፍነው ቆሙ።

«ይርጩት አባ» አሉ። «ግን ከውጭ ብቻ።»