ደህናው እግር

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሐሙስ ጠዋት በልጃቸው ቤት ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ክራንቻቸው ግን ላይ ቤት፣ መኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ነበር። ጎረቤት ደግሞ ገና በማለዳ ከልጃቸው ባል ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቷል።

የአጥንት መለኪያ ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። የአዛውንቱን የግራ እግር ስብራት ስድስት ሳምንት የተከታተለው እሱ ነው፤ ማክሰኞ በስልክ «ያለ ክራንች ይራመዱ» ብሎ የፈቀደውም እሱ።

«መሣሪያዎ ምንድን ነው የሚሠራው?» አለችው መርማሪዋ፤ ረጋ ብላ የምትናገር አጭር ሴት ናት።

«ስብራቱ ዙሪያ አራት ተለጣፊዎች ይለጠፉና በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይላካል። አጥንቱ እየጠና ሲሄድ ኤሌክትሪኩን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይጨምራል። በየጠዋቱ ከቤት ለክተው ይልኩልኛል።»

መርማሪዋ መዝገቡን አየችው። «ሰኞ ምን ሆኖ ነው?»

«ጨምሯል።»

«ይጨምራል አሉኝ እንጂ ይዘላል አላሉኝም።»

የባለሙያው ጆሮ ጋለ።

ባልየው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። «ክራንቹን ይያዙ አልኳቸው» አለ። «ሐኪም ፈቅዶልኛል፣ አንተ ምን አገባህ አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ስወጣ ምንም አልሆኑም ነበር።»

«ያየ ሰው አለ?»

ሚስቱን አየ። እሷ ወለሉን ታያለች።

መርማሪዋ አስከሬኑ የተሸፈነበትን አንሶላ ገልጣ ሁለቱንም እግር ለረጅም ጊዜ መረመረች። ከዚያ ልጅቷን፣ «ጫማቸውን ማን ነበር የሚያስርላቸው?» አለቻት።

«እኔ። ወገባቸው አይታጠፍም።»

ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«የገፋቸው የለም። ግራ እግራቸው እዚያው ስብራቱ ላይ ከድቷቸው ነው የወደቁት፤ አጥንቱ አልገጠመም ነበር። ታዲያ ቁጥሩ ስለምን ዘለለ? የተለካው ሌላ እግር ስለሆነ ነው። ግራው ላይ ለተለጣፊው የተላጨው ፀጉር ቀን ቆጥሮ በቅሏል። ደህናው ግን ገና በቅርብ ተላጭቷል፤ ሙጫውም አለ። ጎንበስ የማይል ሰው ያንን ራሱ አይለጥፍም። ባልሽ ደግሞ እስከ ረቡዕ ማታ መንገድ ላይ ነበር።»

ልጅቷ ድምጿ ተሰባበረ። «ሐኪሙ ለማነጻጸር ደህናውንም ለኪ ብሎኛል አልኳቸው። አመኑኝ። እግራቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ። ማንሳቱ፣ ማጠቡ... ታከተኝ። ድነዋል ተብለው ወደ ቤታቸው ይሂዱልኝ ብዬ እንጂ... እየተሻላቸው መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ስጠረጠርስ?» አለ ባልየው። «አጠገቤ ተቀምጠሽ ዝም?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ባለሙያው ሁሉም እሷን ሲያይ እፎይ ማለት ይችል ነበር። አንድም ሰው ወደ እሱ አልዞረም። እሱ ግን፣ «ቁጥሩ ሲዘል አይቼዋለሁ» አለ።

መርማሪዋ ቀና አለች። «ይሄን አልጠየቅኩዎትም።»

«አውቃለሁ። አንዴ ደውዬ የትኛው እግር ነው ብል ይበቃ ነበር። መዝገቡን ለባልደረቦቼ ነው ያሳየሁት፤ በስድስት ሳምንት አዳንኩ ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት።» ልጅቷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ይጻፉት።»

መርማሪዋ አዲስ ገጽ ገልጣ ጻፈችው።