በተዘጋው በር የተሰማው ምክር

የፖሊስ ሻምበሉ ዐውኒ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሲገባ፣ ሁሉም በአክብሮት «ሲት» የሚሏት መምህርት ለሚስ በትልቁ መስታወት ሥር ሞታ ተዘርራለች። በዚህ በዮርዳኖሷ ኢርቢድ ከተማ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ንግግር የሚያስቸግራቸውን ልጆች የምትረዳ እሷ ብቻ ነበረች። ማጅራቷ ከብረቱ ማሞቂያ ጋር ተጋጭቷል፤ ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ። ሰው ገፍትሯታል።

ሬሳውን ያገኘችው ኡሙ ረሀፍ ናት፤ የምትንተባተብ ልጇን ረሀፍን ልትወስድ መጥታ። ትናንት ከለሚስ ጋር ስትጨቃጨቅ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ሁሉም ጣቱን እሷ ላይ ቀስሯል፤ ዛሬ እስር ቤት ማደሯ ነው።

«ከእረፍቱ ደወል በኋላ ለሚስ በሕይወት ነበረች» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኡስታዝ ጊያስ፣ ሁሉም ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሲሰበሰቡ።

«አየሃት?»

«የክፍሏ በር ዝግ ነበር። ግን ረሀፍን ‹ተረጋጊ፣ ተንፍሺና እንደገና ጀምሪ› ስትላት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባችው ይቺ ሴት ናት።»

«ረሀፍስ ምን አለች?»

«እሷ ደግሞ ምን ትመሰክራለች፣ ጌታዬ? አንድ ቃል እስክታወጣ ይመሻል።»

ዐውኒ ወደ እናትየዋ ዞረ። «ለምን ተጣላችሁ?»

«በባሌ ጦስ ነው። ለሚስ ቤታችን መጥታ ‹ተንፍሺ፣ እንደገና ጀምሪ አትበሏት፤ ይብስባታል፤ ዝም ብላችሁ ጠብቋት› ብላ አስምላን ነበር። እሱ ይረሳል። እኔን ተቆጣችኝ፤ እኔም መለስኩላት። አላህ ይማራት፤ ልጄን እንደሷ የወደደ የለም።»

ርዕሰ መምህርቷ ሲት ኢንዓም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህንኑ በስብሰባ ለመምህራኑም ነግራለች። ጊያስ ግን ንቆ ከስብሰባው ቀረ። ሰሞኑን ደግሞ ረሀፍ ስታነብ ቃል ቢያዝባት መዳፏን በማስመሪያ መታት። ለሚስ ዛሬ ልትከሰው ነበር።»

ዐውኒ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ኡሙ ረሀፍ የገባችው ከደወሉ በኋላ ነው፤ ዘበኛው መስክሯል። ከደወሉ በኋላ ለሚስ በሕይወት ነበረች የሚለው ደግሞ ኡስታዝ ብቻ ነው። ሰማሁ ያለው ግን እሷ ቤት ድረስ ሄዳ የከለከለችውን ምክር ነው። እሷ አትለውም። ሥራዋን የማያውቅ ሰው የፈጠረው ነው፤ እሱ ውሸት ከሆነ ደግሞ ለሚስ ከደወሉ በፊት ሞታ ይሆናል።»

ጊያስ ከእናቷ ጎን ወደቆመችው ረሀፍ ጠቆመ። «ልጅቷን ጠይቋት እስቲ» አለ፣ ዝምታዋን ተማምኖ።

በእርግጥ ቀድሞም ተጠይቃ ነበር፤ እስክትመልስ የቆመ ግን አልነበረም። ረሀፍ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተያዘ።

«ተንፍሺ እንጂ» አላት ጊያስ።

ዐውኒ በእጁ ዝም አሰኘው። ለእናትየዋ ጊዜው አልገፋ አላት።

«እ… እሱ ነው። ከ… ከደወሉ በፊት በ… በሩን ዘግቶ ወጣና፣ ዛሬ ት… ትምህርት የለም፣ ሂጂ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ጊያስን ይዘው ወጡ። ረሀፍ ግን አልጨረሰችም። ዐውኒ በርከክ ብሎ ጠበቃት።

«እ… እማዬ ከኔ ጋር ቤት ት… ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች» አላት።