የኮኪላምባል በትር

መምህርት ኮኪላምባል ከሰገነቱ በሚወርደው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። በደቡብ ህንድ፣ በኩምባኮናም ከተማ የልጃገረዶችን እግር ለውዝዋዜ ሲያቀኑ ያረጁ ሴት ነበሩ። ፖሊሶቹ «አሮጊት ናቸው፤ አዳልጧቸው ነው» ብለው አስከሬኑን ሊያነሡ ሲሉ ኢንስፔክተር ፖርኮዲ ደረሰች።

ፖርኮዲ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች፣ ደግማ ወጣች። ሰገነቱ ላይ የተሰጣው በርበሬ በደረጃው በኩል ተረጋግጦ ደቋል። ወርዳ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ደሙ ጠርዝ ጠርዙ ደርቆ ጠቁሯል፤ ጉንዳንም ወርሮታል።

«ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔና ናምቢ» አለች ዴቫሴና። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤት መዋል ጨንቋት ውዝዋዜ ልማር ያለች፣ ጉልበቷ የሚንቋቋ ጎልማሳ ናት። «ለትምህርት መጥቼ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ለተማሪ ምት የሚሰጡበትን የእንጨት ጉማጅ በበትራቸው ሲመቱ ይሰማኛል። ተማሪ ይዘዋል ብዬ ጠበቅሁ። ምቱ አበቃ፤ ግን አልጠሩኝም። ሳይጠሩት የገባ ደግሞ ወዮለት! ኋላ ናምቢ ከሱቅ መጣና አብረን ገባን።»

«ምቱ ካበቃ በኋላ ብዙ ቆያችሁ?»

«ኧረ የለም፤ አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ቢሆን ነው። ስንገባ ግን ደሙ እንዲሁ እንደምታዪው ደርቆ፣ ጉንዳን ወርሮት አገኘነው።»

ናምቢ የሟቿ የእህት ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎናቸው ተቀምጦ ከበሮ ሲመታ ኖሯል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔ ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል። ይልቅ ማንጋይን ጠይቋት! ጠዋት ከአክስቴ ጋር ሰፈሩ እስኪሰማ ተጣልታለች።»

ማንጋይን ከወንዝ ዳር አመጧት። ከተማሪዎቹ ሁሉ የላቀችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያ ትርኢቷ ተቃርቦ አዳራሽ ተይዟል፣ ዘመድ ተጠርቷል።

«አዎ፣ ተጣልተናል» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «‹እግርሽ ተበላሽቷል፤ ከሀ ሁ ጀምሪ› አሉኝ። ትናንት እንደመጣ ሕፃን መሬት ስረግጥ ልዋል? አልቅሼ ወጣሁ።»

«ወንዝ ዳር ማን አየሽ?»

«ማንም።»

አንዱ ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ፖርኮዲ በዓይኗ ገታችው።

«እግርሽን ምን አበላሸው አሉ?»

ማንጋይ ናምቢን ሰረቅ አድርጋ አየችና ዝም አለች።

ፖርኮዲ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ወደ ሱቁ የሚያወጣውን የጓሮ በር ከፍታ አየች፤ ከዚያ ድንገት ዴቫሴና ፊት ቆመች። «እትዬ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ? ከምቱ ጋር ‹ታይ ያ ታይ› እያልኩ እየቆጠርኩ እግሬን አለማምድ ነበር። ዛሬማ ጨርሶ ከዳኝ!»

«እንዴት?»

«መስመሩ ባለቀ ቁጥር ትርፍ ምት ይደረብበታል፤ ጠረር የሚል ነገር። እዚያ ላይ ስደርስ እሰናከላለሁ። እርጅና ነው ብዬ ራሴን ረገምኩ።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ዴቫሴና ሳሪዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ጉልበቷን ከፍታ ዝቅ አለችና መሬቱን ረገጠች። ፖሊሱ ፈገግ አለ። «አንተ! ብትስቅ በዚሁ እግር ነው የማቀምስህ!» አለችው።

«መምህርቷ ሲመቱ ዝም ይላሉ?» አለች ፖርኮዲ።

«እሳቸው? ምላሳቸው ከበትራቸው ይቀድማል! ይቆጥራሉ፣ ይሳደባሉ…» ድንገት ቆም አለች። «ዛሬ ግን ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

ፖርኮዲ ሁሉንም መለማመጃው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበች።

«በትሩ ሲመታ መምህርቷ ወድቀው ነበር። አንድ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ደም እንዲህ አይደርቅም፤ ድምፃቸውም አልተሰማም። እንግዲህ ‹በሕይወት አሉ› እንዲባል ሌላ ሰው መትቶላቸዋል። ማንን ጠቀመ? ማንጋይን አይደለም፤ ምስክር የላትም። የጠቀመው ምቱ እንዳበቃ በጓሮ በር ወጥቶ ሱቅ ውስጥ ለታየ ሰው ነው።»

«እትዬ ዴቫሴናስ? እሳቸውም እኮ እዚሁ ነበሩ!» አለ ናምቢ።

«እሳቸው ያንን ትርፍ ምት በእግራቸው መከተል እንኳ አልቻሉም፤ በእጃቸው ከየት ያመጡታል? መምህርቷም ለጀማሪ እርምጃ እንዲህ አያስጌጡም። መስመር ሲያልቅ ሳያስጌጥ ማለፍ የማይችለው የከበሮ መቺ እጅ ነው።»

ያኔ ማንጋይ ተነሣች። «ስወጣ ሰምቻለሁ፣ ናምቢ። ‹የልጅቱን እግር ያበላሸው የሚቸኩለው እጅህ ነው፤ ለትርኢቷ ሌላ ከበሮ መቺ ጠርቻለሁ› አሉህ። ውርደትህ አሳዝኖኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ናምቢ በጣቶቹ ጭኑን ጠረር አድርጎ መታ። «ሰገነት ድረስ ተከትዬ ለመንኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ከጎናቸው ነበርኩ! ‹በቃህ› ብለው እጄን ያዙኝ። መነጨቅኋቸው። መግፋቴን ያወቅሁት ሲወድቁ ነው።»

«በትሩን ስታነሣ ነፍሳቸው ነበረች?»

ናምቢ ሁለት እጁን ወደ ፖሊሱ ዘረጋ። ካቴናው የገባው ያኔ ነው።

በማግስቱ፣ በአገሩ ልማድ አስከሬኑ የሚቃጠልበት እንጨት ወንዝ ዳር ተከመረ። እሳት መለኮስ የሚገባው ብቸኛ ወንድ ዘመድ ግን እስር ቤት ነው። ካህኑ «ሴት አትለኩስም» አሉ።

«እንግዲያው ምን እናድርግ? ገዳያቸውን እናስፈታ?» አለቻቸው ዴቫሴና።

ካህኑ ወደ ወንዙ ዞሩ። ማንጋይ ችቦውን ተቀብላ በባዶ እግሯ ቀረበች። መምህርቷ ከውዝዋዜ በፊት እንድታደርግ እንዳስተማሯት ጎንበስ ብላ መሬቱን በእጇ ነካች፤ ያንኑ እጇን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ከዚያ ለኮሰች።