የኪዲ ታንኳ

አምባቸውን ከጣና ያወጡት ሁለት ደንገል ቆራጮች ናቸው። ሚስቱ ባንቺአየሁ ስትደርስ ፊቱን በነጠላ ሸፍነውት ነበር፤ ነጠላው ግን እስከ እግሩ አልደረሰም። ጠዋት በሩን አላትሞ ሲወጣ ያየችው ጫማ ጭቃ ለብሶ ተጋድሟል። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል።

ከሬሳው ራስጌ አንዲት ቀጭን ሴት ቁጢጥ ብላ አንድ ድንጋይ ትመረምራለች። ድንጋዩ ከውኃው ሁለት ርምጃ ይርቃል፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቋል። ሴትዮዋ ቀና ስትል የባንቺአየሁን ፊት ሳይሆን እጇን ተመለከተች።

«ኢንስፔክተር የብርጓል እባላለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዛሬ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ጊዮርጊስ። ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሰው እንዳያየኝ ነው የሄድኩት» አለች ባንቺአየሁ።

የብርጓል ደብተሯን አልከፈተችም። ባንቺአየሁ ደሴ ተወልዳ በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሐይቁ እንደዚያ ቀን ባዕድ ሆኖባት አያውቅም።

ቤት ስትመለስ ድንኳኑ ተተክሏል። ሳሎኑ ውስጥ የአምባቸው ታላቅ ወንድም ባምላክ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ማክሰኝት የሚኖር ገበሬ ነው፤ የበሬ መድኃኒት ፍለጋ ማለዳ ከተማ ገብቶ ሳለ መርዶው እዚያው ደረሰው።

«ጠዋት ስትጮኺበት ጎረቤት ሰምቷል» አላት፣ በማጽናናት ፈንታ።

«ጋሼ ባምላክ፣ እባክዎ ዛሬ ይተዉኝ።»

«አንቺን ሕግ ይያዝሽ፤ የእኔ ነገር የልጆቹ ነው። ሠልስቱ ይውጣና ኪዲንም ሀኒንም ማክሰኝት አስገባቸዋለሁ። አባታቸውን ከበላች ሴት ጋር አያድጉም።»

ኪዲ ሰባት ዓመቱ፣ ሀኒ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ መሀል የብርጓል ገባችና ከባንቺአየሁ ፊት ተቀመጠች።

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

ባንቺአየሁ አፈረች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደጅ ይወጣል። ምንድን ነው ስለው ‹የሰው ምሥጢር ነው› ይለኛል። ሌላ ሴት ያለች መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ያንን ከአፌ አወጣሁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ዛሬ ያልቃል› ብሎኝ ወጣ።»

የብርጓል ከላስቲክ አቃፊ ውስጥ አንድ ሥዕል አውጥታ ሰጠቻት። ወረቀቱ ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ተቀብቷል። በሰማያዊው መሀል አንድ ረጅም፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ቢጫ ነገር አለ፤ ከጎኑ አረንጓዴ ድብልብል። ፀሐይ የለውም፤ ሰው የለውም። ባንቺአየሁ ወረቀቱን በጎኑ አዙራ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው።

«የኪዲ ነው። ታንኳ ነው፤ ሐይቅ ላይ ስትሄድ። ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ላይ ነበር። እንዴት እርስዎ እጅ ገባ?»

«ከዚህ ግድግዳ ላይ አንሥቼው ነው።»

ባንቺአየሁ የልጆቿ ሥዕሎች የተደረደሩበትን ግድግዳ ዞር ብላ አየች። በሀኒ ዶሮና በኪዲ አንበሳ መካከል ባዶ ቦታ አለ።

«ባለቤትዎ ይህን ሥዕል አምስት ሰዓት ላይ ከኪዲ መምህርት ከወንጌላዊት ፈርሞ ወስዷል» አለች የብርጓል። «ስልኩ ስድስት ሰዓት ከዐሥር ላይ ጠፍቷል፤ ከኪሱ ያወጣነው ውኃ ጠጥቶ ነው። ሞግዚቷ ውዴ ስድስት ተኩል ድረስ እዚህ ነበረች፤ ግድግዳው ባዶ ነበር ትላለች። ሀኒን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ ሰባት ተኩል ስትመለስ ሥዕሉ ተሰቅሏል። ወድቆ ሞተ ብዬ መዝገቡን ልዘጋ ነበር። ነገር ግን የሞተ ሰው ሥዕል አይሰቅልም።»

ባምላክ ወረቀቱን ከባንቺአየሁ ነጥቆ እንዳጋደመችው ያዘው። «በዚህ ቤት ሥዕል የሚሰቅል ማነው? እሷ አይደለችም? ከባሏ እጅ ወስዳ ካልሆነ ከየት አመጣችው? ግድግዳዋ መሰከረባት እኮ!»

«ምን ይታይዎታል እሱ ላይ?» አለችው የብርጓል በእርጋታ።

«ታንኳ ነዋ! ዓይን የለኝም?»

«አለዎት» አለችና ሥዕሉን ተቀብላ ወደ አቃፊው መለሰችው። ወደ ባንቺአየሁ ዘወር አለች። «አለቆቼ ዛሬውኑ እንድይዝዎት ይፈልጋሉ። እስከ ሠልስት ድረስ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ውዴ ቃሏን የሰጠችው ጓዳ ደጃፍ ቆማ፣ መቀነቷን እያጠባበቀች ነው።

«ስመለስ ታንኳው ቆሞ አየሁት። ማን ሰቀለው ብዬ ልጠይቅ ስል ሀኒ ‹ሽንቴ መጣ› አለች። እሷ ሽንቷ ከመጣ ደግሞ ደርግም አያስቆማት። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት።»

«የቤቱ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከጀሪካኑ ሥር። የቤቱ ሰው ያውቃል፤ ጋሼ ባምላክ ያውቃሉ፤ የኪዲ ክርስትና አባትም ያውቃሉ። ሌባ ብቻ ነው የማያውቅ።»

የኪዲ ክርስትና አባት አማኑኤል የኮሌጅ መምህር ነው። ደቅ ደሴት ተወልዶ ያደገ፣ ከአምባቸው ጋር በተማሪነት አንድ አልጋ የተጋራ፣ ኪዲን በአርባ ቀኑ ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን የገባ አበልጅ። መርዶው ከተሰማ ጀምሮ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ፍትሐቱን ያስፈጸመው፣ አስክሬኑን ከተሸከሙት የፊተኛው እሱ ነበር። ባንቺአየሁ ቆማ የዋለችው በእሱ ትከሻ ነው።

ረቡዕ ከቀብር መልስ የብርጓል ሳሎን ውስጥ አነጋገረችው። ባንቺአየሁ ውኃ ይዛላቸው ገባች። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተጋድሟል።

«ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቢሮዬ ፈተና ሳርም ነበርሁ» ይላል አማኑኤል። «እዚህ ቤት ከገባሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር። ምነው በየቀኑ በመጣሁ!» እየተናገረ በሁለት ጣቱ ወረቀቱን አዞረና አቆመው።

«ኪዲን ደቅ ወስደውታል ይባላል።»

«በጥር። እናትና አባቱ ሳይኖሩ፣ እኔና እሱ ብቻ። አምባቸው እንደሆነ ውኃ ይፈራ ነበር፤ ጀልባ ሲያይ እግሩ ይከዳዋል።» ወደ ባንቺአየሁ ቀና አለ። «አበልጄ፣ ልጆቹ ይህን ለቅሶ እየሰሙ መዋል የለባቸውም። ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት ይሂዱ፤ እኔ አመላልሳቸዋለሁ። አንቺ ብቻ በርቺ።»

ባንቺአየሁ እጁን ስማ አለቀሰች።

ዓርብ፣ ሠልስቱ ከወጣ በኋላ፣ የብርጓል አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ባንቺአየሁ ፍራሹ ላይ፣ ባምላክና አማኑኤል አግዳሚው ላይ፣ ውዴ በሩ አጠገብ። ከበሩ ውጭ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ባምላክ እጀታው የተጠገነ የልጆች ልብስ መያዣ ሻንጣ ከእግሩ ሥር አስቀምጧል፤ ባንቺአየሁ ከሻንጣው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

የብርጓል ሥዕሉን አወጣች።

«ይህን የሰቀለው ሰው አምባቸውን ውኃ ዳር አግኝቶታል። ማነው? ውዴ በዚያ ሰዓት ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ከሌሎች ሞግዚቶች ጋር ነበረች። ሦስት ሰው ቀረኝ። ሦስታችሁም ቁልፉን ታውቃላችሁ፤ ሦስታችሁም ከተማ ውስጥ ነበራችሁ፤ የነበራችሁበትን የሚመሰክርላችሁ የለም።» ሥዕሉን በጎኑ ያዘችው። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ ስሰጣቸው እንዲህ አጋደሙት። አቶ ባምላክም እንዲሁ። መምህርት ወንጌላዊት ራሷ ለዐውደ ርእዩ እንዲህ ነው የሰቀለችው፤ የመርፌው ቀዳዳ ይኸው። ሰው ሁሉ ታንኳ ውኃ ላይ ስትሄድ ያያል። እዚህ ግድግዳ ላይ ያገኘሁት ግን እንዲህ ነው።»

ወረቀቱን አቆመችው። ቢጫው ነገር አረንጓዴውን ተደግፎ ተገተረ።

«ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራ፤ ውኃ ይጠጣል። የሐይቁ ሰው ከውኃ ሲያወጣው ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ። አረንጓዴው ዛፍ ነው። ትናንት ትምህርት ቤት ሄጄ ኪዲን ጠየቅሁት። ‹ከተኛችማ ትበሰብሳለች፤ አታውቂም እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ። ለእናትና ለአባቱ አልነገራቸውም፤ ሥዕሉ ቤት ሲመጣ ሊያስገርማቸው ነበር። የሚያውቀው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ‹እኔና የክርስትና አባቴ ብቻ› አለኝ።»

አማኑኤል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ኢንስፔክተር፣ ደቅ ላይ ስንት ሺህ ሰው አለ መሰለዎት? ታንኳ አቋቋም ማወቅ ወንጀል ከሆነ ደሴቱን በሙሉ ይሰሩት።»

«እውነት ነው፤ ይህ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው ትናንት የሁላችሁንም አሻራ የወሰድሁት።» ከአቃፊው ትንሽ መስታወት አወጣች፤ ላዩ ላይ አራት ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል። «ሥዕሉ የተሰቀለበት ነው። በሙጫው በኩል የአንድ ሰው አውራ ጣት አራት ጊዜ ታትሟል። ሥዕሉ ከትምህርት ቤት የወጣው ማክሰኞ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እዚህ ቤት ለሳምንት አልገባሁም ብለዋል።»

አማኑኤል እጁን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት» ቀጠለች የብርጓል «ሰባታሚት መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ተገጭተው ሞቱ። ሹፌሩ አልቆመም፤ ስባሪ መስታወት ትቶ ሄደ። በማግስቱ አምባቸው የእርስዎን መኪና ጋራዥ ወስዶ የቀኝ መብራቱን አስቀየረ። ለባለጋራዡ ‹አበልጄ ጅብ ገጭቶ ነው› ብሎታል፤ የነገሩትን አምኖ። እውነቱን ሲደርስበት ስልኩ መጮህ ጀመረ። ለሚስቱ ‹ዛሬ ያልቃል› ያላት ያንን ነው። አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጥሪ የተቀበለው ከእርስዎ ነው።»

ባንቺአየሁ አሁን ገባት። ሌላ ሴት አልነበረችም። ባሏ ለዚህ ሰው ምሥጢር ጠባቂ ሆኖ ለእሷ ባዳ ሆነ፤ እሷም ባዳ አድርጋው ከቤት አስወጣችው። ከእሷ የሰማው የመጨረሻ ቃልም የጠዋቱ ጩኸት ነበር።

«‹እጅህን ስጥ፤ አብሬህ እገባለሁ› አለኝ» አለ አማኑኤል። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «‹አልችልም› አልሁት። ‹እንግዲያው ከሰዓት እኔ እናገራለሁ› አለ። እሱ! በአንድ ሰሐን የበላን! ኮቱን ይዤ ገፋሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም።»

«ድንጋዩ አልገደለውም» አለች የብርጓል። «ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ ውኃ አግኝቷል። ከድንጋዩ እስከ ውኃው ሁለት ርምጃ ነው። ሁለቱን ርምጃ በራሱ አልሄደም።»

አማኑኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከዚያ ሥዕሉን አምጥተው ሰቀሉ። ሰው ሁሉ አባትየው ሰቅሎት ወጣ እንደሚል አሰቡ። ስልኩ ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ውዴ እስከ ስንት ሰዓት ቤት እንደነበረች አላወቁም።»

«ሥዕሉን ለምን አመጣኸው?» አለች ባንቺአየሁ። «ውኃ ውስጥ ብትጥለው ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ሣሩ ላይ ወድቆ አየሁት። ኪዲ ቤት ሲገባ ይጠይቃል ብዬ… እንዳይከፋው።»

ባንቺአየሁ ወደ እሱ ዞረች። «ትናንት ከትምህርት ቤት ስታመጣው ስለ አባቱ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

አማኑኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሱ ገብቶ ክንዱን ያዘው። አበልጅዋ ደጁን ሲሻገር ባንቺአየሁ አልጮኸችም፤ አልተራገመችምም።

ባምላክ ከአግዳሚው ወርዶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ። ወንድሜን ያሰጠመው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያባብለኝ፣ እኔ አንቺን ስወጋ ሰነበትሁ።»

«ሻንጣውን ያንሡልኝ፣ ጋሼ» አለችው። «ይቅርታው ሲመጣ እነግርዎታለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች።

«እትዬ፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ እኔ ላምጣቸው» አለች ውዴ።

«አይሆንም።»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አይቷት ከወንበሩ ተነሣ፤ ልጆች የሚያስረክብበትን መዝገብ ገልጦ ዘረጋላት። በኪዲና በሀኒ ስም ሥር፣ ከሞግዚቷ ሌላ ልጆቹን መውሰድ የሚችሉ ሦስት ሰዎች በአምባቸው የተስተካከለ ጽሕፈት ሰፍረዋል። የመጀመሪያው የራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የእሷ። ከሦስተኛው ስም ትይዩ የትናንቱ ፊርማ አለ።

ባንቺአየሁ እስክሪብቶውን ተቀብላ ሦስተኛውን ስም ሰረዘችው። ደግማ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ።

ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ «የመጀመሪያውንስ፣ እመቤት?» አላት።

«እሱ ይቆይ» አለችና በራሷ ስም ትይዩ ፈረመች።