ፍየሉ ጉዴና ቀዩ ችካል

የትርሲት ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤቷ ከወንዙ ወዲያ ነው።

ወንዙ ትንሽ ነው። ዝናብ ከሌለ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል።

ሲዘንብ ግን ያብጣል። ድንጋዮቹን ይውጣቸዋል። «ሿ! ሿ! ሿ!» ይላል።

ያን ጊዜ አባቷ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይሰበስባል። ትርሲትን ትከሻው ላይ ያወጣትና እሽኮኮ አድርጎ ያሻግራታል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ሱሪ ሲሰፋ የራሱ ሱሪ ይንጠባጠባል።

እሱ ልጅ ሳለ የሚያሻግረው ሰው አልነበረም። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ስለዚያ ብዙ አያወራም። ብቻ ትርሲትን አንድ ቀን እንኳ ዳር ላይ አላቆማትም።

ትርሲት ግን እሽኮኮ ሰልችቷታል። ልጆቹ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆነው፣ «እሽኮኮ መጣች፣ እሽኮኮ መጣች» ይሏታል።

«አባዬ፣ በራሴ እግር መሻገር እፈልጋለሁ» አለችው።

«ድልድይ ሲሠራ» አላት።

አንድ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጣ። ኢንጂነር ሰናይት ወረደች። ቢጫ ቆብ አድርጋለች፤ ቦት ጫማ ተጫምታለች። የከተማውን መንገድና ድልድይ የምታሠራው እሷ ናት።

ሦስት እግር ያለው መሣሪያ አቆመች። ባንድ ዓይኗ አየችበት። ትንሽ ወደ ግራ አለች። ትንሽ ወደ ቀኝ አለች። እዚያ ጋ አለች።

ፎርማኑ ጋሽ ደምሴ አናታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች መታ። አንዱን ከወንዙ ወዲያ፣ አንዱን ከወንዙ ወዲህ። «ኳ! ኳ! ኳ!»

ትርሲት ይህ እንጨት ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው።

ጋሽ ደምሴ ሪዙን አሻሸ። «ችካሉ የት ነው? መንገዱ እዚያ ነው» አላት።

ኢንጂነር ሰናይት ክረምት ሳይገባ ድልድዩ ማለቅ አለበት ብላ አዘዘች። ሠራተኞቹም ድንጋይና አሸዋ ሊያመጡ ሄዱ።

ትርሲት ጉዴ የሚባል ፍየል አላት። የጉዴ ሥራ መብላት ነው።

ሣር ይበላል። ካርቶን ይበላል። አንድ ቀን የአባቷን የልብስ መለኪያ ሜትር እስከ ግማሹ በልቷል።

ትርሲት ከወንዙ ወዲህ ያለውን ቀይ ችካል አየችው። ጠንካራ ነው። ዙሪያው ሣር ነው። ፍየል ለማሰር ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ጉዴን አሰረችውና ትምህርት ቤት ሄደች።

ጉዴ በላ። እየዞረ በላ። «ግጭ! ግጭ! ግጭ!» ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ሣሩን ጨረሰው።

ቀና ሲል የጎረቤታቸው የእማማ ጥሩዬ ጎመን ታየው። ጎተተ። አሁንም ጎተተ።

«ቧ!» ችካሉ ተነቀለ። ጉዴ ችካሉን እየጎተተ ወደ ጎመኑ ሄደ።

ትርሲት ስትመለስ ጉዴ የእማማ ጥሩዬ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ ጎመን ያኝካል። ችካሉ አጠገቡ ተጋድሟል።

ችካል መቆም አለበት ብላ አሰበች። በድንጋይ መትታ እዚያው አቆመችው። «ኳ! ኳ! ኳ!» ጉዴን ይዛ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ሲባጎ ወጠረ። ከዚያኛው ችካል ወደዚህኛው ችካል።

ሲባጎው ወንዙን ተሻገረ። በጎመኑ ላይ አለፈ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። አንዱ፣ መንገዱ ወደ ሽንት ቤት ነው እንዴ አለ። ሌላው፣ ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው አለ።

ጋሽ ደምሴ ሪዙን አሻሸ። «ችካሉ የት ነው? መንገዱ እዚያ ነው።»

ዶማ አነሡ። «ዷ! ዷ! ዷ!»

የሽንት ቤቱ በር ተከፈተ። እማማ ጥሩዬ ጣሳ ይዘው ወጡ። ሠራተኞቹን አዩ። ሲባጎውን አዩ። ጎመናቸውን አዩ።

«ደምሴ» አሉ። «ዕድሜ ልኬን መንገድ ስጡን ስል ኖሬያለሁ። እዚህ ድረስ ግን አላልኩም።»

ትርሲት ከአጥሩ ጥግ ሆና ሰማች። ከተናገረች ጋሽ ደምሴ ይቆጣል። ዝም ካለች ድልድዩ ሽንት ቤት ይገባል።

ተራራው ላይ ደመና መጣ። «ጉርርር!» አለ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ችካሉን ያመጣው ጉዴ ነው። ጉዴን ያሰርኩትም፣ ችካሉን እዚህ የመታሁትም ግን እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደምሴ ችካሉን አየ። ጉዴን አየ። ጉዴ ሲባጎውን እየበላ ነበር።

ኢንጂነር ሰናይት ተጠርታ መጣች። አልተቆጣችም። እንዲያውም ሳቋ ሊያመልጣት ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ፍየሉ የት ጋ ታስሮ እንደነበር ጠየቀቻት።

ትርሲት ወደ ወንዙ ሮጠች። ሣሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንድ ቦታ ብቻ መላጣ ነው፤ እንደ ሰፌድ ክብ።

«ጉዴ እስከ ገመዱ ጫፍ በልቷል» አለች። «ችካሉ መሃል ላይ ነበር።»

ወደ መሃሉ ሄዱ። ትንሽ ጉድጓድ አለ። ኢንጂነር ሰናይት መሣሪያዋን አቁማ ባንድ ዓይኗ አየች። ልክ ነው፤ እዚያው ነው።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ቀዩ ችካል ቦታው ገባ።

ጋሽ ደምሴ አንድ ሌላ ችካል አመጣ። አናቱን አረንጓዴ ቀባው። ትርሲት ቤት ጓሮ ወስዶ መታው።

«ይህ የጉዴ ነው» አለ። «መንገድ አይሄድበትም።»

ከዚያ ሥራ ሆነ። ቆፈሩ። ድንጋይ ካቡ። ብረት አሰሩ። ሲሚንቶ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር አቦኩ።

እማማ ጥሩዬ የተረፈውን ጎመን ቀቅለው ለሠራተኞቹ ላኩ። ለፍየል ከሚሆን ለእናንተ ይሁን አሉ።

ድልድዩ አለቀ። ጋሽ ደምሴ ግን ጆንያ አልብሶት ውኃ ያጠጣው ጀመር። ጠዋት ያጠጣዋል። ማታ ያጠጣዋል።

ትርሲት ድልድይ ያድጋል እንዴ ብላ ጠየቀችው። አያድግም፣ ይጠነክራል አላት። ደግሞም ጉዴን ከጆንያው አርቂልኝ አላት።

ጆንያው በተነሣ ማግስት ዝናቡ መጣ። ወንዙ አበጠ። «ሿ! ሿ! ሿ!»

አባቷ እንደ ልማዱ ሱሪውን ሰበሰበ።

«አባዬ፣ ሱሪህን ልቀቀው» አለችው።

ትርሲት ድልድዩ ላይ ወጣች። በራሷ እግር። «ቷ! ቷ! ቷ!» ውኃው ከታች አለፈ።

አባቷ ባለበት ቆሞ አያት። ሱሪው ደረቅ ነው። ዳር ላይ የሚጠብቅ ልጅ የለም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ እሽኮኮ አላሏትም። ወደ ኋላዋ ነበር የሚያዩት።

«ቷ! ቷ! ቷ!» ጉዴ ድልድዩን እየተሻገረ ነው። አረንጓዴውን ችካል ይጎትታል።

«ችካሉ የት ነው?» አሉ ልጆቹ።

«ጉዴ እዚያ ነው» አለች ትርሲት።

ማታ ትርሲት እራቷን በላች። ወንበሯ ላይ እንዳለች ዓይኗ መከደን ጀመረ።

«አባዬ፣ እሽኮኮ» አለች።

አባቷ መርፌውን አስቀመጠ። አንቺ እኮ አሁን በራስሽ እግር ነው የምትሄጂው አላት።

«እስከ አልጋዬ ድልድይ የለም» አለች።

አባቷ ሳቀ። ትከሻው ላይ አወጣት። አልጋዋ ላይ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት።